የጋሽ ሙክታር ጠመንጃ

ሬሳው የተገኘው ጥር 12 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሰሚት ማዶ ግንባታው በቆመ ቤት ውስጥ ነበር። ዓመቱ 2002 ነው። በዚያ ሰፈር ቀድሞ ጤፍ ይዘራ ነበር። አሁን ቤት ያልተጀመረበት መሬት አይታይም። የተጀመረው ሁሉ ግን አላለቀም፤ ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቷል።

የቦሌ ፖሊስ መርማሪ ኢንስፔክተር ኃይለኪሮስ ሲደርስ የሚካኤል ታቦት ገብቶ ሕዝቡ ወደየቤቱ ይመለስ ነበር። ወጣቶች አሁንም ርችት ያፈነዳሉ። የሥራ ባልደረባው ሳጅን የሺመቤት በግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ማን ነው?" አላት።

"አቶ ኡርጌሳ ይባላሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። የሰፈሩ የድሮ ገበሬ።"

"የቤቱ ዘበኛ እሳቸው ናቸው?"

"አይደሉም። ዘበኛው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሞሲሳ ይባላል። ጠመንጃ ይዞ ከግቢው ሲሮጥ ሰው አይቶታል። ይዘነዋል።"

ገቡ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎኬት ሲሆን መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተመትተዋል። ጥግ ላይ የአሸዋ ክምር አለ። ሽማግሌው በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። አጠገባቸው የተቆረሰ ቂጣ በፌስታል አለ። ጥይቱ በግራ ብብታቸው ሥር ገብቶ በቀኝ ወጥቷል።

"መስኮቱ ዝግ ነው" አለች የሺመቤት። "በሩ ላይ ከቆመ ሰው በቀር ማንም ሊመታቸው አይችልም። ከቅርብ ነው የተተኮሰባቸው።"

ኃይለኪሮስ የጥይት ቀለህ ፈለገ፤ የለም። ወለሉ ተጠርጓል። በቆመ ቤት ውስጥ ወለል የሚጠርግ ማን ነው ብሎ አሰበ፤ ግን ዘበኛም ይጠርጋል።

ውጭ አንድ ወፍራም ሰው የቆዳ ጃኬት ለብሶ ቆሟል። ሠራተኞች ኢንጂነር እያሉ ይጠሩታል።

"እኔ ነኝ የደወልኩላችሁ" አለ። "ገብረትንሣኤ እባላለሁ። ይሄን ቤት የጀመርኩት እኔ ነኝ። ያንን ጎረቤቱንም የምሠራው እኔ ነኝ።" ግራ እጁን ዘረጋ። "ይቅርታ፣ ቀኜን ብሎኬት ወድቆብኝ ነው።"

"ሟቹን ያውቋቸዋል?"

"እንዴት አላውቅም! የሞሲሳ ተያዥ ናቸው። እኔ ያለ ተያዥ ዘበኛ አልቀጥርም። ዕቃ ከጠፋ ተጠያቂው ተያዡ ነው። ባለፈው ፌሮ ጠፋ። ትናንት ሽማግሌው ልጁን በሰው ፊት ሰደቡት። እሱም ተቆጥቶ ነበር።" ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ ያደርጋል ብዬ ግን አላሰብኩም። መጥፎ ልጅ አይደለም።"

* * *

ሞሲሳ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በምርመራ ክፍሉ ወንበር ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ከቶ ተቀምጧል።

"የት ነበርክ?"

"ሥራ ላይ።"

"ሥራ ላይ ከነበርክ አጎትህ ሲመቱ የት ነበርክ?"

"እዚያው አካባቢ።"

"ጠመንጃህ ተተኩሷል።"

"ትናንት ማታ ጅብ ላይ ነው የተኮስኩት። ሰፈሩን ጠይቅ።"

"ሰፈሩ ዛሬ ርችት ሲሰማ ነው የዋለው። ስማኝ ሞሲሳ። አጎትህን አልገደልኩም ካልክ የት እንደነበርክ ንገረኝ። ካልነገርከኝ የምታግዘው ራስህን አይደለም።"

ሞሲሳ "ከነገርኩህ ሥራዬን አጣለሁ" አለ።

"ሰው ሞቷል፤ አንተ ስለ ሥራ ታወራለህ?"

"አብዬ ኡርጌሳ ነው ሥራ ያስገባኝ። በእሱ ስም ነው። ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ነበር። የሚስቴ እናት ከሸኖ እየመጡ ነበር። ሚስቴ ልትወልድ ነው። አብዬን 'ትንሽ ቆይልኝ' ብዬ ለመንኩት። ሰድቦኝ እሺ አለ። በሩን በሰንሰለት ዝጋው፣ እኔ በጓሮ እገባለሁ አለኝ። ስመለስ ሞቶ አገኘሁት፤ እሱ ጋ የተውኩትን ጠመንጃ አንስቼ ገዳዩን ልፈልግ ሮጥኩ።"

"በላምበረት ማን አየህ?"

"ማንም አያውቀኝም እዚያ። ከአንድ ተሸካሚ ጋር ተጣልቻለሁ። ሻንጣቸውን በግድ ቀምቶ ጭንቅላቱ ላይ አወጣው።"

ኃይለኪሮስ ወደ የሺመቤት ዞረ። "ነገ ላምበረት ሂጂ። ኩርፊያም ተሸካሚ ፈልጊ።"

"ኩርፊያም ያልሆነ ካለ ነው የሚገርመኝ" አለች።

* * *

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አልጣሽ ቤታቸው ከግንባታው ብዙ አይርቅም። በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት ቤት አለ። አንዱ የኡርጌሳ ነው፣ ሌላው የወንድማቸው። የሞሲሳ እናት በሯን ዘግታ ነበር። የአልጣሽ ደጅ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው።

"ሞሲሳ ነው የሚሉት" አሉ አልጣሽ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"ገና እየመረመርን ነው እናቴ።"

"እኔ ልጅ አልወለድኩም። ኡርጌሳ ያንን ልጅ በጫንቃው ተሸክሞ ነው ያሳደገው። አባቱ ሲሞት ገና ጥርሱ አልበቀለም ነበር። አስከሬኑን መሸከም የሱ ፈንታ ነው። እሱ ከሆነ ግን እናቱም እዚህ ድንኳን አትገባም። ሽማግሌዎቹ ደም ነው ብለዋል። በአንድ አጥር ውስጥ ደም ይዘን አንኖርም። አንዳችን እንለቃለን።"

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"አስከሬኑን ስትሰጡን። እኔ አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ሳይጣራ ማንም አይፈረድበት፣ ከተጣራ በኋላም አይታለፍ። ንገረኝ፣ ዝም አትበለኝ።"

"እነግርዎታለሁ" አለ ኃይለኪሮስ። ቃል የመስጠት ልማድ አልነበረውም።

* * *

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ወጣት ነው። ሻይ አብረው እየጠጡ አናገረው።

"ከቅርብ አልተተኮሰም" አለ። "የባሩድ ምልክት በልብሱም በቆዳውም የለም።"

"ከሩቅ ከሆነ መስኮቱ በቆርቆሮ ዝግ ነው።"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው በቁስሉ ውስጥ ግራጫ ዱቄት እንዳለ ነው። የኮቱ ግራ ጎንም በዚያው ዱቄት ተሞልቷል። ብሎኬት ይመስለኛል። የገባበት ቀዳዳም ክብ አይደለም። ጥይቱ ሰውዬውን ሲያገኘው ተገልብጦ ነበር።"

"አንድ ነገር መትቶ ነው የመጣው?"

"አዎ። ሌላም አለ። ወዲያው አልሞተም። ጥቂት ቆይቷል። ልብና ዋናው ደም ሥር አልተነኩም። ቶሎ ሰው ቢደርስለት ኖሮ..." ትከሻውን ሰበቀ። "ላይተርፍም ይችላል። ሊተርፍም ይችል ነበር።"

ኃይለኪሮስ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

* * *

ወደ ቤቱ ተመልሶ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ዞረ። ብሎኬት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የተቦረቦረ፣ በዝናብ የጠቆረ። ሟቹ ተቀምጠውበት ከነበረው በስተግራ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ቦታ ለስላሳ ሆነ። የብሎኬቱ ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፍኖ አመድ ተነስንሶበታል። በጥፍሩ ቧጠጠው። ገና አልጠነከረም።

ውጭ ዞሮ በዚያው ልክ ሌላ ድፍን አገኘ። ይሄኛው አነስተኛ ነው፣ እንደ ብርቱካን። ከዳሩ በከሰል የተሠመረ ክብ ትንሽ ቅሪት ይታያል።

የሺመቤት አጠገቡ ቆመች። "ሲሚንቶ በጠፋበት ዘመን በቆመ ቤት ላይ ቀዳዳ የሚደፍን ማን ነው?"

"ቀዳዳውን መደበቅ የፈለገ።"

አሸዋውን በወንፊት አበጠሩት። ፀሐይ ጠልቃ ከመጨለሙ በፊት አረሩ ተገኘ። ወፍራም፣ ከባድ፣ አፍንጫው የተጣመመ። የሺመቤት በመዳፏ ይዛው ከሞሲሳ ጥይት ጋር አስተያየችው። የሞሲሳው ከጎኑ እንደ እርሳስ ቀጠነ።

"ይሄ የሰው መግደያ አይደለም" አለች።

"አይደለም። የአውሬ ነው።"

ሞሲሳን በዚያው ምሽት ሊፈታው ይችል ነበር። አልፈታውም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቢፈታ ሰፈሩ አይቀበለውም፤ ሰው በዘመድ ነው የወጣው ይላል። ኃይለኪሮስ ይሄን አስቦ ደስ አላለውም።

በማግስቱ ሽማግሌው ተቀበሩ። አስከሬኑን የተሸከሙት የዕድር ሰዎች ናቸው። የሞሲሳ እናት በሯን እንደዘጋች ዋለች።

* * *

አረሩን ያዩት የፖሊስ ባለሙያ መጠኑን ነገሩት፤ ሦስት ሰባ አምስት ማግነም። የውጭ አዳኞች ለጎሽና ለዝሆን የሚይዙት ነው። በከተማው ከአደን ድርጅቶች ውጭ በግለሰብ እጅ በፈቃድ ያለው አንድ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ሙክታር ይባላሉ፤ ቤታቸው ሩዋንዳ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ የአርሲን ተራራና የኦሞን ቆላ ከፈረንጅ አዳኞች ጋር ዞረዋል። በዓይኖቻቸው ላይ ነጭ ሞራ ወጥቷል።

"ጋሽ ሙክታር፣ ጠመንጃዎን ላየው እፈልጋለሁ።"

"ልትገዛው?"

"ፖሊስ ነኝ።"

"ፖሊስም ይገዛል" አሉ፤ ግን ድምፃቸው ተቀየረ። ከቁም ሳጥን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

አሮጌ የእንግሊዝ ሥራ ነው። ብረቱ ከመያዝ ብዛት ነጥቷል። ሰደፉ ጥቁር ጠንካራ እንጨት ሆኖ አንገቱ ላይ እጅ እንዳያዳልጥ በመስመር ተጠርቧል። ኃይለኪሮስ ከፍቶ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አሳየው። ንጹሕ ነው፣ በዘይት ተወልውሏል።

"በቅርብ ነው ያጸዱት?"

"ሁልጊዜ አጸዳዋለሁ። ዓይኔ ባያይም እጄ ያያል።" አንድ ጥይት ከመሳቢያ አወጡ። "እየው፣ ከግርጌው ቀበቶ የመሰለ ቀለበት አለው። ጥንታዊ ጥይት ነው፤ ከእኔ ይበልጣል። አሮጌ ጠመንጃ ስትገዛ መጀመሪያ የአፈሙዙን ሆድ ነው የምታየው፤ ዝገት በልቶት እንደሆነ። ሁለተኛ እንጨቱ ከብረቱ የሚገናኝበትን፤ ይሄ ጥይት ኃይለኛ ነው፣ እንጨት ይሰነጥቃል። ሦስተኛ ትተኩሳለህ። ሳይተኮስ የተገዛ ጠመንጃ የለም።"

"ለምን ይሸጡታል?"

"ዒላማ የማያይ ሰው ጠመንጃ ምን ያደርግለታል?"

"በታቦቱ ዕለት ጠመንጃው የት ነበር?"

"እዚሁ።"

"ማንም አልወሰደውም?"

"አልኩህ እኮ። እዚሁ።"

ኃይለኪሮስ ሰደፉን ወደ መስኮቱ አዞረ። በጥርቡ መስመሮች ውስጥ ግራጫ ዱቄት ገብቶ ነበር። ሽማግሌው በእጃቸው ወልውለውታል፤ ዓይናቸው ግን አላየውም። ጠመንጃውን ለምርመራ እንደሚወስደው ነግሮ ፊርማ ተቀበለ።

"ሊገዛው የመጣ ሰው አለ?"

"አንድ የሆቴል ልጅ መጥቶ ነበር። አብዱልሐሚድ። እዚሁ ከኛ በላይ ነው። አልሸጥልህም አልኩት።"

* * *

የአብዱልሐሚድ እንግዳ ማረፊያ በር ላይ ሁለት የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ሁለት ስልክ ይዞ በአንዱ እያወራ በሌላው ይጽፋል።

"ሙክታር ልኮህ ነው አይደል?" አለ። "ሽማግሌው ቀልደኛ ነው አቦ። እኔ ጠመንጃውን ሎቢ ላይ ልሰቅለው ነበር። ፈረንጅ ይወዳል። 'ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከፈለግህ ሥዕል ግዛ' አለኝ። ጥይትም አያስፈልገኝ፣ ለዴኮር ነው አልኩት። ተናደደ።"

"በጥር 12 የት ነበርክ?"

"እዚህ! የቃና ዘገሊላ ሠርግ ነበረብኝ። ሁለት መቶ ሰው አብልቻለሁ፤ ግማሹ ያልተጠራ። ቪዲዮ አለ፣ ላሳይህ? እኔ እንደ አስተናጋጅ ትሪ ይዤ ስሮጥ ታየኛለህ።"

ቪዲዮው ላይ ትሪ ይዞ ሲሮጥ ታየ። ኃይለኪሮስ ሊነሳ ሲል ልጁ ቀጠለ።

"ኋላ ደግሞ ሐሳቤን ቀይሬ ሄድኩ፤ ዋጋ ልጨምር ብዬ። 'ዘገየህ፣ ለሚሞክረው ሰጥቼዋለሁ' አለኝ።"

"መቼ?"

"ከጥምቀት በፊት ባለው ቀን። ማን ነው ስለው 'ከአንተ የሚሻል፣ እጁ ሥራ የለመደ ሰው' አለ። እኔን ለማብሸቅ እኮ ነው። እጄ ምን ሆነ?" እጁን አሳየ። ለስላሳ ነበር።

* * *

የሺመቤት ከላምበረት ተመልሳ ቢሮ ጠበቀችው።

"ተሸካሚውን አገኘሁት። ሞሲሳን ፎቶው ላይ እንዳየው ነው መሳደብ የጀመረው። 'ይሄ ነው አማቱን በእግር ያስኬደ' አለኝ። አውቶቡሱ የገባው ታቦቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ልጁ በዚያን ሰዓት ሰሚት ሊሆን አይችልም።"

"አላደረገውም" አለ ኃይለኪሮስ።

"ሽማግሌውን ሙክታርን እንያዛቸው?"

"ገና። ከያዝናቸው ጠመንጃውን የሰጡት ሰው ይሰማል። መጀመሪያ ጥይቱ ከየት እንደመጣ ልየው።"

ሄዱ። ኃይለኪሮስ ከውጭ በተደፈነው ቀዳዳ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና ወደፊት ተመለከተ። ፊት ለፊቱ የጎረቤቱ ግንባታ ነው። በአጥሩ ክፍተት ደረት የሚያህል የብሎኬት ቁልል ይታያል። ሰው ጠመንጃ አስደግፎ ሊተኩስበት የሚመች ነው። ቁልሉ ላይ ያለው ዱቄት በጠመንጃው ጥርብ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው።

"ያ የገብረትንሣኤ ሥራ ነው" አለች የሺመቤት። "ግን ሠራተኛው ብዙ ነው። በዚያ ላይ በዓል ነበር፣ ማንም ሊገባ ይችላል።"

ኃይለኪሮስ ዞረ። ድፍኑን ሊያሳያት ጣቱን ዘርግቶ ቆመ።

ድፍኑ እርጥብ ነበር። ከሥሩ ውሃ በግድግዳው ላይ ወርዶ መሬት ነክቷል። ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዝናብ አልጣለም።

"የሺ፣ አባትሽ ቤት ሲያስለስኑ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አዎ።"

"ከተለሰነ በኋላስ?"

"ጠዋት ጠዋት ውሃ እናጠጣው ነበር። እንዳይሰነጠቅ።" ወደ ጎረቤቱ ግንባታ ተመለከተች። "ተራ ሰው ቢሆን ደፍኖ ይሄድ ነበር።"

በማግስቱ ጠዋት በቆመው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። ኃይለኪሮስ ጋዜጣ ያዘ፤ አላነበበውም። ሠራተኞቹ ሳይሰበሰቡ የጓሮው ቆርቆሮ ተንቀሳቀሰ። ገብረትንሣኤ በግራ እጁ ቆርቆሮ ጣሳ ይዞ ገባ። ድፍኑ ጋ ጎንበስ ብሎ ውሃ በጣቶቹ ረጨ። ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን፣ እንደ ለመደ ሰው ነው የሚረጨው። ከዚያ በአውራ ጣቱ ዳሩን ጫን ጫን አደረገ።

"እንደምን አደሩ ኢንጂነር" አለ ኃይለኪሮስ ከኋላው።

ጣሳው ወደቀ።

"ቤቱን... ቤቱን ላየው ነው የመጣሁት። የእኔ ሥራ ነው እኮ። ውሃ ማጠጣት ወንጀል ነው?"

"አይደለም። የቤቱ ግንባታ ከቆመ ግን ዓመት ሊሞላው ነው። አዲስ ሲሚንቶ እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ምን አመጣው?"

"ሠራተኞች ይሆናሉ። ሥራ ፈት..."

"ቀኝ ትከሻዎን ያሳዩኝ።"

ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። የሺመቤት ጃኬቱን ከትከሻው አወረደችው። ከአንገቱ ሥር እስከ ክንዱ ጠቁሮ፣ ዳሩ ቢጫ ሆኗል። እንዳለው ብሎኬት ወድቆበት ቢሆን ኖሮ ከላይ ይመታው ነበር። ይሄ ፊት ለፊት ነው፤ የሰደፍ ቅርጽ አለው።

"ጋሽ ሙክታር ይሄ ጥይት እንጨት ይሰነጥቃል ብለውኛል" አለ ኃይለኪሮስ። "ትከሻም አይምርም።"

* * *

መምሪያው ውስጥ ገብረትንሣኤ መጀመሪያ ጠበቃ ጠየቀ። ከዚያ ሙክታርን በኮሪደሩ ሲያልፉ አያቸው። ሽማግሌው ጠመንጃውን ለሙከራ እንደሰጡትና በበዓሉ ማታ እንደመለሰላቸው አምነው ነበር። ገብረትንሣኤ ጠበቃውን ተወው።

"ግንበኛ ነበርኩ" አለ። "ካዞላ ይዤ ነው የጀመርኩት። ኢንጂነር የሚሉኝ ሠራተኞቼ ናቸው። አሁን የምሠራላቸው ሰዎች ባሌ ለአደን ይወጣሉ። አንድ ቀን ና አሉኝ። ጠመንጃ የሌለው እኔ ብቻ ነኝ። በሰው ጠመንጃ ልሂድ?"

"ጋሽ ሙክታር የት ተኩስ አሉዎት?"

"ከከተማ ውጣ፣ ከኋላው አፈር ያለበት ገደል ፈልግ አሉኝ። ግድግዳ አይበቃውም አሉኝ።" ላቡን ጠረገ። "ስለ ብሎኬት የሚያውቁት ነገር የለም ብዬ ናቅኋቸው። እኔ የሠራሁት ግድግዳ ነው። ክላሽ አይበሳውም ብዬ ለሰው ተወራርጃለሁ። ሰፈሩ ባዶ ነበር፣ ሁሉም ታቦት ጋ ነው። ርችት ይፈነዳል። ሞሲሳ ሰንሰለቱን አስሮ ሲሄድ አየሁት። ቤቱ ባዶ ነው ብዬ ነው። በከሰል ክብ ሠራሁ። ተኮስኩ። መሬት ላይ ጣለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ድምፅ ሰማሁ።"

"ገቡ?"

"በጓሮ ገባሁ። ሽማግሌው ተቀምጠዋል። ጎናቸውን በእጃቸው ይዘዋል።"

የሺመቤት መጻፏን አቆመች።

"ተናገሩ?" አለ ኃይለኪሮስ።

ገብረትንሣኤ ጠረጴዛውን አየ።

"ምን አሉ?"

"ሌባ መታኝ አሉ። እኔ መሆኔን አላወቁም። በመምጣቴ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ኢንጂነር፣ ፌሮው ደህና ነው፣ አልተነካም አሉኝ። ልጁን እንዳታባርረው፣ እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት አሉ።"

"እርስዎ ምን አደረጉ?"

"መኪናዬ ደጅ ነበረች።"

"ምን አደረጉ ነው ያልኩት።"

"ሄጄ ሲሚንቶ አቦካሁ" አለ። "ውጩን ደፈንኩ። ስመለስ ሞተው ነበር። ከዚያ የውስጡን ደፈንኩ፤ ጠረግሁ። ሞሲሳ መጥቶ አያቸው፤ ጠመንጃውን ይዞ ሲሮጥ አየሁት። ያኔ ደወልኩ።"

ኃይለኪሮስ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

"በስህተት ተኩሰው ቢደውሉ ኖሮ ጠበቃዎ ብዙ የሚለው ነበረው" አለ። "አሁን ስለ ሲሚንቶው ነው የሚጠይቁዎት።"

* * *

ሞሲሳን በመምሪያው መኪና ራሱ ወሰደው። ከሰሚት አልፈው ወደ ሰፈሩ ሲታጠፉ ልጁ "ሚስቴ ወልዳለች?" አለ።

"ዛሬ ጠዋት። ሴት ናት።"

ሞሲሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ድንኳኑ አልፈረሰም። ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሞሲሳ ከመኪናው ሲወርድ ወሬው ቆመ። የእናቱ ቤት በር ተከፈተ፤ ማንም ግን አልወጣም። ልጁ በድንኳኑ ጫፍ፣ ሩቅ ለቀስተኞች በሚቀመጡበት፣ በመጨረሻው ወንበር ዳር ላይ ተቀመጠ።

አልጣሽ ወደ ኃይለኪሮስ መጡ።

"አገኘኸው?"

ነገራቸው። ጠመንጃውን፣ ግድግዳውን፣ ሲሚንቶውን። አሳጥሮ ነገራቸው፤ የቀነሰው ነገር ግን የለም። አልጣሽ ሳያቋርጡ ሰሙት።

"ወዲያው አልሞተማ" አሉ።

"አዎ፣ ወዲያው አልሞቱም።"

"ተናገረ?"

"ስለ ሞሲሳ ነው የተናገሩት። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት፣ እንዳታባርረው ብለዋል።"

አልጣሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ንፍሮ የሞላበት ሰፌድ ይዘዋል። በሽማግሌዎቹ ፊት አልፈው እስከ ድንኳኑ ጫፍ ሄዱ።

"እዚህ ማን አስቀመጠህ?" አሉ ለሞሲሳ።

ልጁ አንገቱን ደፋ።

"የእንግዳ ቦታ ነው ይሄ። ተነስ። ሰዉ ባዶ እጁን ተቀምጧል፣ ንፍሮውን አዙር። እናትህንም ጥራት፣ ጓዳ ሥራ በዝቶብኛል።"

ሞሲሳ ተነሳ። ሰፌዱን ከአክስቱ እጅ ተቀበለ። ከዳር ጀምሮ፣ ከትልቁ ሽማግሌ ፊት ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ለአፍታ አዩትና እጃቸውን ሰደዱ። ቀጥሎ ያለውም ሰደደ። ኃይለኪሮስ ጋ ሲደርስ ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር አደረገና ሁለት እጁን ዘረጋ።